ኳሱ የእኛ ሲሆን

“ሌላ ዓመት ቢሆን ዝም እል ነበር። ዘንድሮ ግን ቀልድ የለም። ኳሱ የእኛ ሲሆን አርሊን ወጥ ቤት ትግባ፤ አለቀ።”

ይህን ያለው ኖርብ ነው። የሰማሁት ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት፣ አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ፣ ወለሉ ላይ ባለችው የማሞቂያ ቀዳዳ በኩል ነው። ቡፋሎ ውስጥ እንዲህ ባለ የድሮ የእንጨት ቤት ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ከታች ካሉት ጋር ሚስጥር የለውም፤ በክረምት ሙቀት የሚያመጣው ቱቦ በበጋ ወሬ ያመጣልኛል። ከታች የሚኖሩት የቤቱ ባለቤቶች፣ ዩጂንና ሚስቱ አርሊን ናቸው። ኖርብ የዩጂን ታናሽ ወንድም ነው። የራሱ ቤት፣ የራሱ ሚስትና የራሱ ቡና ማፍያ አለው፤ ቁርሱን ግን እዚህ ካልበላ የሚወርድለት አይመስለኝም። የሰው ሚስት ከገዛ ሳሎኗ ስትባረር ባሏ ምን ይል ይሆን ብዬ ጆሮዬን ወደ ቀዳዳዋ ጠጋ አደረግሁ። ማንኪያ ሲኒ ሲነካ ተሰማ። ወንበር ተንቋቋ። ዩጂን እንደ ልማዱ ምንም አላለም። ኖርብም ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥሮ ስለ አዲሱ ኳስ ወርዋሪ ክንድ ማውራቱን ቀጠለ።

ስለዚያ ክንድ በዚያ ነሐሴ ያላወራ የከተማችን ሰው ካለ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን መሆን አለበት። የእኛ ኳስ በእጅ የሚያዘው፣ ሁለት ጫፉ ሾል ያለው ነው፤ አንዱ ቡድን ይዞት ወደፊት ሲገፋ ሌላው ይከላከላል፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ቡድናችን በመከላከል በኩል የሚታማ አልነበረም። ተራው ደርሶ ኳሱ እጁ ሲገባ ግን ብርድ ላይ እንዳደረ መኪና ሦስት ጊዜ ተንፈራግጦ ቀጥ ይላል። የልጅነታችንን፣ የትዳራችንን፣ አንዳንዶቻችንም የፍቺያችንን ዘመን እንዲህ ቀጥ ሲል እያየን ነው ያሳለፍነው። በዚህ ዓመት ጸደይ ግን አዲስ የማጥቃት አሰልጣኝ መጣ። አሰልጣኙ ከደቡብ ድሬይተን የሚባል ኳስ ወርዋሪ አስመጣ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ስቶክስ የሚባል፣ ሲሮጥ መሬት የሚረግጥ የማይመስል ኳስ ተቀባይ ተጨመረ። የልምምዳቸው ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። የፋርማሲዋ ልጅ የደም ግፊት መድኃኒቴን ስታቀብለኝ “ዘንድሮ ይሄ የሚበቃሽ አይመስለኝም” አለችኝ። ቄሳችን እንኳ ባለፈው እሁድ ስለ ተስፋ ሲሰብኩ፣ ከምእመናኑ አንድም ሰው ስለ መንግሥተ ሰማያት እያሰበ እንዳልሆነ ገብቷቸው ራሳቸውም ፈገግ ብለዋል። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው የዝግጅት ጨዋታ ነበር። ውጤቱ ለምንም አይቆጠርም፤ ሂዱና ይህን ለኖርብ ንገሩት።

ወደ ታች ስወርድ አርሊን መኪናዋ አጠገብ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ፎቁን ከተከራየሁበት ከሚያዝያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ገበያ እንወጣለን። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ዓይኗ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ተንኮል የሚጫወት ሴት ነች። የለበሰችው የቡድኑ ማልያ ከመታጠብ ብዛት ሰማያዊነቱ ወደ ግራጫ ሄዷል፤ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ባለቤት ጫማውን ከሰቀለ ቆይቶ አሁን የልጅ ልጅ ሳያይ አይቀርም። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ መኪናው ሳይነሳ የሰማሁትን ዘረገፍኩላት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። እየነዳችም ነገሩን ከሥሩ ነገረችኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ቡድናችን ወደ ቀጣዩ ዙር ሊያልፍ አንዲት የእግር ምት ብቻ ቀርታው ነበር። ሳሎን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል። አርሊን ደግሞ ፒሮጊ፣ ያ ድንች የሚሞላው ሊጥ፣ በቅቤና በሽንኩርት ጠብሳ ኖሮ፣ ይቀዘቅዛል ብላ ሳህኑን እንደያዘች በቴሌቪዥኑ ፊት አለፈች። ኳሱ ቋሚውን ገጭቶ ወጣ። ከተማው በሙሉ የረገመው መቺውን ነው፤ ኖርብ ግን ዓይኑን የጣለው ሳህኑ ላይ ነበር። ቀጣዩን ዓመት ሙሉ ነገሩን ሲያጠና ከረመና ደንብ አወጣ። ቡድናችን ሲከላከል አርሊን በሩ ሥር ባለችው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ መቀመጥ ትችላለች፤ ኳሱ የእኛ ሲሆን ግን ተነስታ ወጥ ቤት ትገባለች፤ ኳሱን ስናጣ ትመለሳለች። ዩጂን ያን ጊዜ “ተይው፣ ለዛሬ ብቻ ነው” ብሏት ነበር። ለዛሬ የተባለው ይኸው ስንት ክረምት ከረመ።

“ስለዚህ በመከላከል በኩል ፕሮፌሰር ሆኜልሻለሁ” አለችኝ መሪውን እያዞረች። “ግን ታውቂያለሽ ኮኒ፣ ከዚያ ወዲህ ቡድኔ ነጥብ ሲያስቆጥር በገዛ ቤቴ፣ በሰዓቱ፣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሮጬ ስደርስ ድጋሚውን ነው የሚያሳዩኝ። ድሮ ብዙም አልቆጨኝም፤ ምን ነበረና ያመለጠኝ። ይሄን ልጅ ግን ሲወረውር ማየት እፈልጋለሁ። አንዴ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው።”

“ዩጂንስ ምን ይላል?” አልኳት።

“ዩጂን ጥሩ ሰው ነው” አለችና የመስኮቱን መስታወት ዝቅ አደረገች።

ገበያው የድሮ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ከፋሲካ ሰሞን በቀር ግማሹ ባዶ ይሆናል። ያን ቀን ግን እግር መጣያ አልነበረም። አርሊን አጃ ዳቦውን ጎኑን ጫን ጫን እያደረገች መረጠች፤ ሰባት ዶላር ነው ስትባል ዳቦውን ሳይሆን ሻጯን አገላብጣ አየቻት። የዶሮ ክንፍ ፓውንዱ ከአራት ዶላር አልፏል። በእናቷ ጊዜ ክንፍ ለሾርባ መረቅ ከመሆን አልፎ ቦታ አልነበረውም፤ አሁን ግን ከተማችን ያለ ክንፍ ኳስ ማየት አይሆንላትም፣ ስለዚህ የተባለችውን ከፍላ ትወስዳለች። ቋሊማ የምንገዛበት ሌስተር ልምምዱ ከተጀመረ ወዲህ ፂሙን አልተላጨም። ቡድናችን እስኪሸነፍ አልላጭም ብሎ ተስሏል፤ ሚስቱ ቡድናችን በጊዜ እንዲሸነፍላት በድብቅ ሳትጸልይ እንዳልቀረች ነገረን። እንቁላል የምትሸጠው ሴት ደግሞ በአንድ እግሯ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጫማ አድርጋለች። ልፍረድባቸው ብል እኔ ራሴ የግራ ካልሲዬን ገልብጬ ነው የለበስኩት፤ ከሃያ ዓመት በፊት እንዲያ ለብሼ አሸንፈናል። ኖርብን እብድ ነው ለማለት አፌን ከከፈትኩ በኋላ የዘጋሁት ካልሲዬ ትዝ ብሎኝ ነው። ቢሆንም ልዩነት አለው። የእኔ ካልሲ ማንንም ከሳሎኑ አያስወጣም። ሌስተር ቋሊማውን እየጠቀለለ ድሬይተን በየጨዋታው ሠላሳ ነጥብ እንደሚያስገባ ማለ፤ ከዚያም በደስታ ተነሳስቶ አንድ ዙር ቋሊማ መረቀልን። ቡድናችን በሚያሳዝነን ዘመን እንዲህ ያለ ምርቃት አይተን አናውቅም ነበር።

ስንመለስ ዩጂን ምንጣፉን ጠርጎ፣ ቴሌቪዥኑን በለስላሳ ጨርቅ ወልውሎ ጨርሷል። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሶፋው አንዱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል፤ ፊት ለፊቱ ላይ የሮማው ጳጳስ ፎቶና የቡድኑ ባንዲራ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ አንድ ዓመት ኖርብ ባንዲራውን ከፎቶው ከፍ ሊያደርግ ሲል አርሊን አሻፈረኝ አለች፤ አሻፈረኝ ያለችበት ብቸኛው ጉዳይ ይህ ነው አሉ። መሀል ላይ፣ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት የሚያይ፣ ወደ ኋላ የሚለጠጥ አረንጓዴ ወንበር አለ። አርሊን ከትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ ጡረታ ስትወጣ በራሷ ገንዘብ የገዛችው ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጋዜጣ ታነብበታለች። ጨዋታ ባለበት ቀን ግን የኖርብ ነው፤ እሱ እዚያ ተቀምጦ አንድ ጊዜ አሸንፈናልና። አርሊን ከገበያ ያመጣችውን እንደያዘች ወንበሩ አጠገብ ቆመችና በነጻ እጇ የክንዱን ልብስ አስተካከለች። ዩጂን አያት። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲያሰማራ የኖረ ሰው ነው፤ ከባቡሩ ጩኸት ጋር መወዳደር ሰልችቶት ይሁን እንጃ፣ ቃል የሚያወጣው እየቆጠበ ነው።

“አርሊን” አለ።

“እ?”

የሆነ ነገር ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ሲመለስ አየሁት። “ክንፉ... ይበቃል?” አለ።

“ይበቃል” አለችና ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እሱም ቀድሞ የተወለወለውን ቴሌቪዥን እንደገና መወልወል ጀመረ። ትልቅ ነገር ውጦ የዶሮ ክንፍ የሚተፋ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ኖርብ ሚስቱን ማርሻን አስከትሎ ደረሰ። ማርሻ ሹራብ እየሠራች ኳስ የምታይ፣ ጉዳዩ ብዙም የማያስጨንቃት ሴት ነች። ኖርብ አረንጓዴው ወንበር ላይ ተለጠጠና መግለጫ ሰጠ። የዝግጅት ጨዋታ ስለሆነ ድሬይተንና ስቶክስ የሚጫወቱት የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተጠባባቂዎቹ ይገባሉ፤ ስለዚህ ማንም ሰው በዚህች አጋማሽ ውስጥ ጥፋት እንዳይሠራ። ማንም ሰው ሲል ያየው አርሊንን ነበር። አርሊን በሩ ሥር ባለችው ወንበሯ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የተከላከልነው እኛ ነን። ተጋጣሚዎቻችን ብዙም ሳይሄዱ ኳሱን ለቀቁ፤ ሳሎኑ አጨበጨበ።

“አርሊን፣ ኳሱ የእኛ ሆኗል” አለ ኖርብ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

አርሊን ተነሳች። መቶ ጊዜ የተለማመደችው ስለሆነ ወንበሯ እንኳ አልተንቋቋም። ደሜ ፈላና እኔም ተነሳሁ። ኖርብ ግራ ገብቶት፣ እኔ መቀመጥ እንደምችል፣ በእኔ ላይ እስካሁን ምንም ክፉ ነገር እንዳልታየ ነገረኝ። ምስጋናዬን ገልጬለት አርሊንን ተከተልኩ።

ወጥ ቤቷ ሁለት ሰው ከያዘች ሦስተኛው ደጅ ነው የሚያድረው። መጥበሻው ላይ ቅቤው መንጫጫት ጀምሯል። ማቀዝቀዣው ላይ አንቴናዋ በፕላስተር የተጠገነች አሮጌ ሬዲዮ ተቀምጣለች፤ አርሊን ድምፁን ከሳሎን እስከማይሰማ ዝቅ አድርጋ ከፈተቻት። ተናጋሪው ድሬይተን ኳሱን ተቀበለ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወረወረ ሲል እሷ ፒሮጊውን እያገላበጠች ከንፈሯን ነክሳ ታዳምጣለች። ከዚያ ተናጋሪው “ተጠለፈ!” አለ። ኳሱን የተጋጣሚው ተከላካይ ነጥቆታል። “ወይኔ!” ብላ በእጇ የነበረውን የድስት ክዳን ምድጃው ላይ ጣለችው፤ ክዳኑ ጓ አለ። እኔም አዘንኩ። አዝኜ ሳልጨርስ፣ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ፣ ከሳሎን የዋይታ ድምፅ መጣ፤ የኖርብም ድምፅ ከላዩ ተነሳ፤ “አላልኳችሁም? ክዳኑን ሰማችሁ አይደል? ክዳኑ ጓ ካለ አለቀልን ማለት ነው!”

ክዳኑን አየሁት። ሬዲዮዋን አየሁ። አርሊንን አየኋት። እሷ የተረጋጋች ሆና የምድጃውን እሳት ዝቅ አደረገች።

“ቴሌቪዥኑ ይዘገያል” አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ። “ያን ጣቢያ የሚያመጣ የኬብል ሳጥን ካስገባን ጀምሮ ነው። ሬዲዮው ይቀድማል። እኔ እዚህ ስደነግጥ እነሱ ጋ ኳሱ ገና አየር ላይ ነው።”

ነገሩ ሲገባኝ ልሳቅ ወይስ ልጩህ ግራ ገባኝ። ለዓመታት ቡድናችን ኳስ በጣለ ቁጥር አርሊን እዚህ ክዳን ትጥላለች፤ ኖርብ መጀመሪያ ክዳኑን ይሰማል፣ ቀጥሎ መርዶውን ያያል፤ ታዲያ መርዶውን ያመጣው ማን ሊሆን ነው? ያኔ ማጥቃታችን ከመርዶ በቀር የሚሰጠው ነገር ስላልነበረ እሷም የምታጨበጭብበት አጋጣሚ እምብዛም አላገኘችም። ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቅኳት። ይህን ብትነግራቸው እኮ ያን ዕለት ነጻ ትወጣ ነበር።

“መጀመሪያ ልነግራቸው ነበር” አለች፤ ፒሮጊውን አንድ በአንድ ወደ ሳህኑ እያወጣች። “ቆይቼ ሳስበው ግን፣ በዚያ ሰበብ ብገባ ያስገባኝ ሳጥኑ ነው። የኖርብ ደንብ ስህተት ተገኝቶበት ነው። እኔ ዩጂን እንዲያስገባኝ ነበር የፈለግሁት። ጎጂም ሆንኩ አልሆንኩ፣ ሚስቴ ናት ትግባ እንዲል። ቂል ነኝ አይደል?”

አይደለሽም አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሁላችንንም አሳበደን። ቡድናችን ቀጣዩን ኳስ ሲያገኝ አርሊን ሳሎን ገብታ ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ ከበሩ ተመልሳ መጣች። ሬዲዮው ድሬይተን ረጅም ወረወረ አለ፣ ስቶክስ ብቻውን ነው አለ፣ ያዘ አለ፣ ሮጠ አለ፣ ገባ አለ። አርሊን ሁለት እጇን አጋጭታ እልል አለች፤ እኔም አብሬ ጮህኩ። ተቃቅፈን ስንዘል መጥበሻው ሊደፋ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሳሎን ውስጥ ጸጥ ብሏል። ከዚያ ቤቱ ተናጋ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ኳሱ የእኛ ሆነ፤ እንደገና ገባ፤ አርሊን እንደገና ቀድማ አጨበጨበች። እንዲህ ያለ ማጥቃት አይተን አናውቅም። እኔማ አሁንም አላየሁም፤ ሰማሁ እንጂ።

ኖርብ ወጥ ቤቷ በር ላይ ብቅ ያለው ያኔ ነው። ፊቱ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ፊት ነው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

“አርሊን፣ ቅድም ያጨበጨብሽው አንቺ ነሽ?” አለ። “ሁለቱንም ጊዜ? ከመግባቱ በፊት?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ከዚህ እንዳትነቃነቂ። ስንከላከልም አትምጪ፤ እግርሽ ከዚች ክፍል እንዳይወጣ። ስሳሳት ኖሬያለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። የዚህ ማጥቃት ሚስጥሩ እዚህ ነው ያለው።”

ይህን ብሎ ሄደና በሩ ሥር የነበረችውን ወንበሯን አንጠልጥሎ አመጣ። ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ በማቀዝቀዣውና በቆሻሻ ቅርጫቱ መሀል አስቀመጣት፤ በክብር ነው ያስቀመጣት፣ አቧራዋን እንኳ በኮፍያው አራገፈላት። አርሊን መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ስታይ ሳቋ ቀስ እያለ ሄደ። ቡድናችን ሲከፋ በግማሽ ታሰረች፤ ቡድናችን ሲያምር በሙሉ ልትታሰር ነው። አሁን ሬዲዮውን ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ዓይኗ ከኖርብ ትከሻ ጀርባ ነበር። ዩጂን እዚያ ቆሟል።

ባዶ ሳህን ይዞ ክንፍ ሊጨምር ነበር የመጣው። ወንበሯን አየ። የቆሻሻ ቅርጫቱን አየ። የሚስቱን የጠወለገ ፊት አየ። ሳህኑን ምድጃው ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ።

“አርሊን፣ ነይ። ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ” አለ። “አረንጓዴው ላይ።”

ኖርብ ወንድሙ በቁሙ የቃዠ መሰለው። እየመራን መሆናችንን፣ ለአጋማሹ ደቂቃዎች ብቻ እንደቀሩ፣ ድሬይተን አንዴ ደግሞ ኳስ እንደሚያገኝ፣ አሁን ይህን ነገር መነካካት ከተማውን በሙሉ መበደል እንደሆነ እያከታተለ ነገረው። ብንሸነፍስ አለው በመጨረሻ።

“እንሸነፋለና” አለ ዩጂን።

ይህን ቃል በዚያ ነሐሴ፣ በዚያ ከተማ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የተናገረ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማርሻ እንኳ ከሳሎን ሹራቧን አስቀምጣ ብቅ አለች። ዩጂን እንደዚያ ካለ በኋላ የቀረውን ለመናገር ተቸገረ፤ ጆሮው ቀላ። “ያኔም ማለት ነበረብኝ” አለ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ። አርሊን ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች፣ ትከሻው ላይ አንጠለጠለችለት፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። በአጠገቡ ስታልፍ ደረቱን በመዳፏ መታ አደረገችው። አንጀቷ እንደራሰ ከአረማመዷ ያስታውቃል።

በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች። ተንኮሏ ዓይኗ ውስጥ ተመልሷል።

“ኖርብ፣ አሁን ልንገርህ” አለችው። “ሬዲዮው ከቴሌቪዥኑ ይቀድማል። ክዳኑን ስጥል ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ካላመንከኝ ቆመህ ስማ።”

እኛ ወደ ሳሎን ስንሄድ ኖርብ ማቀዝቀዣው ፊት ቀረ። ሬዲዮው አንድ ነገር ሲል ሰማ፤ ያው ነገር ቆይቶ ከሳሎን ሲመጣ ሰማ። ተጋጣሚዎቻችን አንድ ኳስ ሞከሩ፤ ኖርብ ኳሱ ወድቆ እንደቀረ ከወጥ ቤት ነገረን፤ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ላይም ወድቆ ቀረ። ሌላም ነገረን፤ ሌላም ሆነ። ማርሻ ና ተቀመጥ ብትለው ትንሽ ልቆይ አለ። ያን ሰው አውቀዋለሁ፤ በምድር ላይ ከሁሉ ቀድሞ ማወቅን የመሰለ ነገር የለም ለእሱ። በሩ ሥር የነበረችው ወንበር ስትንቋቋ ሰማን፤ ተቀመጠባት ማለት ነው።

አርሊን አረንጓዴው ወንበር ላይ እግሯ መሬት ሳይነካ ተቀምጣለች። ወደ ኋላ አልተለጠጠችም፤ ጫፉ ላይ ነች። ዩጂን ሶፋው ጥግ ላይ፣ ሽርጧ ትከሻው ላይ እንዳለ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ኳሱ የእኛ ሆነ፤ “ኳሱ የእኛ ሆኗል” ብሎ የጮኸ ሰው አልነበረም። አርሊን ከልማድ ብድግ ልትል ስትል ዩጂን እጁን ዘርግቶ የወንበሩ ክንድ ላይ አሳረፈ። ተመልሳ ተቀመጠች። “ምን እንደሚሆን አላውቅም” አለችኝ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። እውነቷን ነው። ያ ሳጥን ከገባ ወዲህ ከሁላችንም ቀድማ ስታውቅ ነበር የኖረችው።

ድሬይተን ኳሱን ተቀበለ። ወደ ኋላ ሄደ። ሁለት ግዙፎች ሲመጡበት ጎንበስ ብሎ አሳለፋቸው፣ ቀና አለ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ወሰደና ወረወረው። ኳሱ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ስቶክስ ከሥሩ ይሮጣል፤ ሁለት ተከላካዮች አብረውት ይሮጣሉ። በዚህ መሀል ከወጥ ቤት የድስት ክዳን መሬት ላይ ወድቆ ጓ አለ።

የኖርብን ክዳን ገና ማንበብ አልለመድንም፤ የደስታ ይሁን የመርዶ የሚያውቅ የለም። የዓመታት ልማድ አይለቅምና ዩጂንም፣ ማርሻም፣ አብሬያቸው እኔም ሦስታችን አንገታችንን ወደ ወጥ ቤቱ በር አዞርን። አርሊን ብቻ አልዞረችም።

“ያዘው” አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ብድግ ብላ በሙሉ ድምፅዋ፣ “ያዘው! ገባ!”

እኛ ስንዞር ስቶክስ መስመሩን አልፎ ቆሟል፣ ጓደኞቹ ከምረውበታል። ወዲያው ድጋሚውን ማሳየት ጀመሩ፤ ሦስታችን አፋችንን ከፍተን ድጋሚውን አየን። አርሊን መነጽሯን አውልቃ በማልያዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር፤ ድጋሚውን ማየት አላስፈለጋትም።